የእትየ ታየች የዘገየ ቁርባን

የእኛ ኪዳነ ምሕረት ከይጁቤ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። እዚያ ያደገ ልጅ "ማን አቆረበህ?" ቢባል የእናቱን ስም አይጠራም፤ እትየ ታየችን ይጠራል።

እትየ ታየች ልጅ አልወለዱም። ከቁይ በሙሽርነት መጥተው ነው የቀሩት። ባላቸው ወልደ ሩፋኤል ሲሞቱ ወዳገራቸው ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን የት ሄደው! እሑድ ጎሕ ሲቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሰው ልጅ ይሰበስባሉ። እናትየው ቤተ ክርስቲያን የማትገባበት ጊዜ ቢሆንም ልጇ አይቀርም፤ እሳቸው ያዝሉታል። ደግሞ ቁጡ ናቸው። ደጀ ሰላሙ ላይ "አፍሽን ክፈቺ!" ብለው ጥርሳችንን ሲያዩ የበግ ነጋዴ ይመስሉ ነበር። ምግብ የቀመሰ ልጅ አያልፋቸውም።

እሳቸው ራሳቸው ግን አይቆርቡም ነበር። ከባላቸው ጋር የተጋቡት በሰማንያ ውል እንጂ በቁርባን አልነበረም። ከሞቱባቸው በኋላ ንስሐ ገብተው፣ ቄሳችን አባ ዘመንፈስቅዱስ የሰጧቸውን ቀኖና ጨርሰው፣ በጽጌ መጀመሪያ እሑድ ሊቆርቡ ቀን ተቆረጠ። ነጠላቸውን ሦስት ጊዜ አጠቡት። አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም፣ የሰባት ዓመቷ የኔአለም፣ አውቃለሁ።

መንገዳችን በአያ እንዳላማው ባቄላ መሐል ያልፋል። እሸቱ ደርሶ ነበር። በዚያ እሑድ ጠዋት አላስቻለኝም፤ ወደኋላ ቀረት ብየ ፈልፍየ በላሁ። ያን ዕለት ደግሞ እትየ ታየች ልባቸው በራሳቸው ጉዳይ ተይዞ አፋችንን ሳያዩ አስገቡን።

የሠራሁት የገባኝ መጋረጃው ተገልጦ ልጆች ሲሰለፉ ነው። እግሬ እንቢ አለኝ። ቀሚሳቸውን ጎትቼ "እሸት በልቻለሁ" አልኋቸው፤ ከዚያ ለቅሶየን ለቀቅሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይዞኝ የሚወጣ ካልተገኘ ቅዳሴው ሊታወክ ነው።

ቅዳሴ አቋርጦ የወጣ አይቆርብም። ይህን እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ወደ መጋረጃው አንዴ አዩና እጄን ይዘው ወጡ። ጥዱ ሥር ተቀምጠን እኔም አለቀስሁ፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት ምእመናኑ ለጠበል ጸዲቅ ሲቀመጡ ቅጣቴን እጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የተነሡት አያ እንዳላማው ናቸው።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባቄላ እቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ ምን ብየ ዘራሁ?"

"ኧረ የኔ ነው፤ ማታ እራቷን በቅጡ አላበላኋትም" አለች እናቴ።

"ዝም በሉ!" አሉ አባ ዘመንፈስቅዱስ። "ልጆቹን ለምን እንደሚጾሙ ቁጭ ብየ ያላስተማርኋቸው እኔ ነኝ።"

ጥፋቱን ሲሻሙት ለእኔ ሳይደርሰኝ ቀረ።

አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ልጄን ሂዊን ሳቆርብ ከጎኔ የሚቆመውን ሰው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ልጄ ብትሳሳት ጥፋቷን ማን ይሻማላታል? እውነቱን ለመናገር ያ ሰንበቴ ቤት ይናፍቀኛል፤ ሲብስብኝም ያስለቅሰኛል።

ያኔ ታዲያ፣ በሳምንቱ እሑድ፣ አገሩ ሁሉ አጀበኝ። ባቄላው ዘንድ ስንደርስ አያ እንዳላማው በቀኝ፣ እናቴ በግራ ሆነው፣ ማሳው እንዳይታየኝ በነጠላና በጋቢ ጋርደው አሳለፉኝ። እኔ ቆረብሁ። ከእኔ በኋላ እትየ ታየች ቆረቡ።

ስንመለስ፣ ቆራቢ ናቸውና፣ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ ነበር። ጠጋ ብየ "ተቆጥተውኛል?" አልኋቸው።

"በደንብ እንጂ! ሳምንቱን ሙሉ ስቆጣ ነው የከረምሁ።" ጥቂት ሄዱና እጄን ያዙ። "ግን አንቺን እውጭ ትቼ ብቻየን ብቆርብ፣ እመቤቴ 'ልጂቱስ?' ብትለኝ ምን እላት ነበር?"