የእህቴ ጉሮሮና ጠያቂዎቿ

በዕለቱ ወደ ቤት የሚመልስ ኦፕራሲዮን ቀላል ኦፕራሲዮን አይደለም። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚያምን ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አልጋ ካልያዝክ አልታመምክም፤ እራትህን ቤትህ ከበላህ የተቆረጠብህ ነገር ከጥፍር እኩል ይቆጠራል። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ታማሚው ሲወጣ አደጋው አብሮት ይወጣል፤ ሐኪም ቤት የሚቀሩት ነርሷና ኦክስጅኑ ናቸው።

እህቴ ፒያሳ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። እንቅርት በእኛ ደጋ ብርቅ አይደለም፤ እሷም ነበረባትና አስወጣች። እንቅርቱ ሲሄድ ድምፅዋም አብሮ ሄደ። ነርቭ ተነክቶ ኖሮ ከሁለቱ የድምፅ አውታሮቿ አንዱ እንደ ወላለቀ በር ክፍቱን ቀረ። ስትናገር ከቃሉ ነፋሱ ይበዛል፤ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። ከጠዳ የመጣ ገበያተኛ ዋጋ ጠይቋት ጆሮውን ወደ አፏ ካስጠጋ በኋላ፣ «ምነው እቴ፣ ዋጋው ምስጢር ነው እንዴ?» ብሎ ሱቁን ሲያስቅ ሰምቻለሁ። በጩኸት ተከራክራ የኖረች ሴት በእጇ ምልክት መሸጥ አልሆነላትም። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻገሩ።

በኋላ ከሌላ ከተማ የመጣ ሐኪም ይህን እንደሚያስተካክል ተነገረን። አንገቷን በትንሹ ከፍቶ፣ የቆመውን አውታር ወደ መሀል የሚገፋ የፕላስቲክ ቁራጭ ያስገባል። አያስተኛትም፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ እያናገረ፣ ድምፅዋን እየሰማ ይሠራል። እንዳለውም አደረገ። ስትወጣ የባሏን ስም ጠራች፤ ነፋስ ያልገባበት፣ ሙሉ ስም። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

«ዛሬ ማን ያያታል?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ ዶክተር፣ ቤተሰቡ ሞልቷል!» አለ ባሏ።

«ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

«ጠዳ ነን፣ እዚሁ ነው።»

«እሷ እንዳትናገር። ከፍ ብላ ትቀመጥ። ስትተነፍስ ድምፅ ከተሰማ ምንም ሳትጠብቁ አምጧት።»

ቤተሰቡ ሞልቷል ያለው እውነቱን ነበር። ስንደርስ ደጃፉ ጫማ ብቻ ሆኗል።

የታመመ ይጠየቃል፣ ጠያቂ ደግሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰላምታ መመለስ ግድ ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ላለው ሁሉ እህቴ መለሰች። ባሏ እንዳትናገር መባሏን ሲያሳስብ አክስታችን ገሠጸችው፤ «ሰላም መመለስ ምን መናገር ነው? አሁንስ አበዛኸው!» ክርስቲያን ጎረቤቶችም «እግዚአብሔር ይማርሽ» እያሉ ገቡ። ለእነሱም «አሜን» አለች። በሃይማኖት አላዳላችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ቀድሞ የሰማው አልጋው ራስጌ የተቀመጠ ጎረቤታችን፣ አንድ ሽማግሌ ነው።

«ሰማችሁ? ድምፅዋ እየመጣ ነው!»

«ሸጋ ነው አያ! አላህ ሰማን!» አለች አክስታችን፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። እልልታው ሲበረታ ፉጨቱን የሚሰማ ጠፋ።

እህቴ ባሏን በዓይኗ ፈለገች። እሱ ጓዳ ገብቶ ለእንግዳ ሻይ ያስቀዳል። ወደ በሩ ልትሄድ ተነሣች። አንዲት ጎረቤት ትከሻዋን ይዛ መለሰቻት።

«ኧረ በአላህ አትነሺ! ለእኛ ብለሽ ነው?»

ደግማ ተነሣች።

«ይቺ ሴት ታማም አታርፍም፤ ልትሸኘን እኮ ነው!» ተባለና ተሳቀ። አሁንም ስትነሣ ሁለት ሆነው አስቀመጧት፤ አንዷ ጋቢውን በፍቅር እስከ አንገቷ ድረስ ጎትታ ሸፈነችላት። እኔ ከወንዶቹ ጋር በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሴቶች ጀርባ ነው። የከንፈሯን መጥቆር ያየው ባሏ ነው፣ ሻይ ይዞ ሲገባ። ትሪውን ለቀቀው።

በባጃጅ ሐኪም ቤት ስናደርሳት ራሷን ስታ ነበር። ተረኛው ሐኪም ጉሮሮዋን በስቶ ቱቦ አስገባላት። ከቁስሉ ሥር ደም ተቋጥሮ፣ ዙሪያው አብጦ መተንፈሻዋን አጥብቦት ኖሯል።

«የትንፋሿን ድምፅ አልሰማችሁም? ለምን ዘገያችሁ?» አለ ሐኪሙ።

«እንግዳ ነበረብን» አለ ባሏ።

ተረኛውም ጎንደሬ ነውና ሌላ አልጠየቀም።

ዳነች ይባላል። ያ ቁራጭ ወጣ፤ ቀዳዳው ከብዙ ጊዜ በኋላ ተደፈነ፤ የቀረላት ሹክሹክታ ከፊተኛውም ያነሰ ነው። ሱቁን ዘጋች። ውሃ የምትጠጣው ሰው አጠገቧ ሲኖር ብቻ ነው። ሰፈሩ ደግሞ ፍርዱን ሰጥቷል፤ ቀድሞውንም ቢላዋ ባይነካት ይሻል ነበር አሉ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ እልል ያሉት ሴቶች። አልስማማም። ደም በማንም ቁስል ውስጥ ሊቋጠር ይችላል፤ ሐኪሙም ምልክቱን ነግሮናል። ያን ቀን የሚያስፈልጋት ጸጥ ያለ ክፍልና ትንፋሿን የሚያዳምጥ አንድ ሰው ነበር። እኛ የሰጠናት ቤት ሙሉ ሰው ነው።

እናንተም ዘመዳችሁ ተሠርቶ በዕለቱ ቤቱ ከገባ፣ በዚያ ቀን አትሂዱ። ስኳሩንና ሙዙን ለሳምንት አቆዩት። የሚቀየም ይቀየም። ቤታችሁ ተቀመጡ።