የሩፋኤል ዕለት የተደፈነው አሸንዳ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ደሴ መዶሻም መቀስም አላስነኩኝም። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ካለ አንድ ግቢ መሰላል አቁመው፣ «ውጣና አሸንዳውን በእጅህ ጥረግ» አሉኝ። የጃካራንዳ አበባ ከአፈር ጋር ቦክቶ ገምቷል። እየቀፈፈኝ ጠረግሁት።

ቆይቼ ቆርቆሮ ማጠፍ፣ በሲባጎ ተዳፋት መያዝ፣ መገጣጠሚያ መበየድ ተማርሁ። ከሁሉ ቀድሞ የለመደኝ ግን ስጋት ነው። ሐምሌ ሲገባ እህል አይዋጥልኝም። በዘጌ በኩል ደመናው ሲጠቁር ዓይኔ በሰው ጣሪያ ላይ ይንከራተታል። ባለቤቴ «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ የሰው ቤት ክዳን?» ትለኛለች።

ይበልጥ የምፈራው ጳጉሜን ሦስትን ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነውና፣ እንዳይባክን ብሎ የአሸንዳውን መውረጃ በጨርቅ የሚደፍን አለ። ውኃው አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። የጭቃ ግድግዳ ይህን አይችልም።

አንድ ዓመት በዚያው ቀን ዶፍ ወረደ። አሸንዳ የሠራሁላቸው የቅኔ መምህር፣ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው፣ ትዝ አሉኝ። ባለቤታቸው እትየ ጥሩ ዳሌያቸው ተሰብሮ በኋለኛው ግድግዳ ሥር ተኝተዋል። መቀመጥ አልቻልሁም፤ ባጃጅ ይዤ በረርሁ።

እንደፈራሁት መውረጃው ተደፍኗል። የኋለኛው ግድግዳ የጭቃ ምርግ አብጧል።

«የኔታ፣ ጨርቁን ልንቀለው!»

«እንዴት ተደርጎ! ጸበል መሬት ላይ ልታፈስ? ለእሷ ብየ ነው ያቆርሁት፤ ዳግም ብትቆምልኝ ብየ።»

እኔም በሩፋኤል ዝናብ እየተጠመቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከጓሯቸው ያገኘሁትን መሰላል አስደግፌ አንድ እርከን ወጣሁና ቆምሁ።

እትየ ጥሩ ከውስጥ ተጣሩ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ጸበሉስ ራሱ መጥቶልኛል፤ ትራሴ ራሰ!»

የኔታ ጋቢያቸውን ጥለው ሮጡ። እሳቸው በራስጌ፣ እኔ በግርጌ አልጋውን ይዘን በረንዳ እንዳወጣነው ግድግዳው ተናደ። አልጋው የነበረበትን ቦታ ጭቃ ሞላው።

ጨርቁን የነቀሉት የኔታ ራሳቸው ናቸው። መውረጃው ከበረንዳው ጥግ ስለሆነ፣ ውኃውን በመዳፋቸው እየተቀበሉ የባለቤታቸውን ፊት አጠቡ። ያለቅሱ ነበር። «ለካ እየፈሰሰም ይደርስሻል» አሉ።

ዛሬ መሰላል መውጣት ትቻለሁ፤ ስጋቱ ግን አልተወኝም። ለሙያው ልጆች የምለው ይህን ነው፦ አሸንዳ ውኃ ማሳለፊያ እንጂ ማቆሪያ አይደለም። ጸበል የሚፈልግ ሰው ካለ መውረጃው ሥር ባልዲ አስቀምጡለት።