ያዝካት?

አባቴ ስለ አሜሪካን ፉትቦል የሚያውቀው ነገር ቢኖር ልጁ ኳስ ተቀባይ መሆኑን ነው። ከዚያ ውጭ ጨዋታው ሁሉ ያስቀው ነበር። «ፓፓያ ይዘው ይራወጣሉ» ይላል። ትንሽ ሮጠው፣ ተላትመው፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ሲመካከሩ ደግሞ «ይሄ ስብሰባ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ይላል። መከር ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ቀይ ለብሶ በሚያብድበት በአሜሪካዋ ኮሎምበስ፣ እሱ ብቻ ሱፉን ለብሶ ገበያ ይወጣ ነበር።

ያም ሆኖ ኳስ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። እዚህ እንደመጣን የተከራየነው ዋይንላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። ከቤቱ ጀርባ መኪና በግድ የሚያልፍባት ጠባብ መንገድ ነበረች። አባቴ ሪከንባከር በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ጭነት ሲያወርድ ውሎ ይመጣና ጫማውን ሳያወልቅ እዚያች መንገድ ላይ ይቆማል። የሚወረውርልኝ አሮጌ ካልሲ በካልሲ ላይ ጠቅልሎ የሠራትን ኳስ ነው። በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ ሲለጋት ያደገው እሷን ስለነበር ሌላ ኳስ ኳስ አይመስለውም። የካልሲ ኳስ ቀላል ናት፤ እጅህን አደንድነህ ከጠበቅካት መዳፍህን መትታ ትወድቃለች። ጣቶችህን ከፍተህ፣ ለስለስ አድርገህ፣ አብረሃት ትንሽ ወደኋላ እየሄድክ ነው የምትቀበላት። ኋላ የሃይስኩል አሰልጣኜ «እንዲህ ያለ እጅ ከየት አመጣህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካልሲ ነው ያስተማረኝ ልበለው?

ዋይድ ሪሲቨር ማለት ከመስመሩ ዳር ቆሞ፣ ኳሷ ስትነሳ ተፈትልኮ ሮጦ፣ ድንገት ታጥፎ፣ የሚወረወርለትን የሚቀበል ሰው ነው። ከተወረወረለት ማለቴ ነው። አብዛኛው የዕድሜያችን ክፍል ሮጦ ባዶ እጅ መመለስ ነው። ይሄን ማንም አይነግርህም። ዩኒቨርሲቲ በኳስ ገብቼ በኳስ ጨረስኩ፤ ሲጠናቀቅ ክለቦች የሚፈልጉትን ሲመርጡ ማንም ስሜን አልጠራም። ከብዙ ልመና በኋላ ሌላ ስቴት ያለ የፕሮፌሽናል ቡድን ለልምምድ ጓዱ፣ ለፕራክቲስ ስኳድ፣ ወሰደኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከዋናዎቹ ጋር ትላተማለህ፤ እሁድ ሲደርስ ዳር ቆመህ ታጨበጭባለህ። አባቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለሰው ሁሉ «ልጄ ፕሮፌሽናል ነው» እያለ ያወራ ነበር። አላፈርኩበትም፤ ያፈርኩት በራሴ ነው።

እሁድ እሁድ ሥራ ስለሚገባ ጨዋታ አያይም ነበር። ለእረፍት ሲወጣ ይደውልልኛል። ሰላምታ የለም፣ ደህና ነህ ወይ የለም።

«ያዝካት?»

«አላስገቡኝም አባዬ።»

«እሺ። ለሳምንት ትይዛታለህ።»

አውቶቡስ ያመለጠውን ሰው እንደሚያጽናና አድርጎ ነበር የሚናገረው። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። አሁን ያንን ንዴት በምን ልግዛው!

ከዋናዎቹ አንዱ ጉልበቱን ተጎዳና አንድ ሰኞ አሰልጣኙ «እሁድ ትጫወታለህ» አለኝ። ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ። «ፈረቃ እቀይራለሁ፤ በቲቪ አይሃለሁ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

እኔ ይሄን አላወቅኩም። መርዶ በስልክ አይነገርም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ያን ቀን ተሰብስበው መከሩ። ልጁ ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ዘመድ የለውም፤ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ቀን ነው፤ ተጫውቶ ይምጣና በወጉ ይነገረው አሉ። እናቴም እሺ አለች። ቅዳሜ ቀበሩት።

በሳምንቱ መሃል ቤት ስደውል የምታነሳው እህቴ ነበረች።

«አባዬን አገናኚኝ።»

«ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። ቤተር ሲሆን ኮል ያደርግልሃል።»

«እማዬስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ናት።»

ይሄኛው እንኳን እውነት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ በመልእክት ተጥለቀለቀ። በልጅነቴ ጉንጬን ሲቆነጥጡ የኖሩ ጋሼዎችና እትዬዎች ሁሉ «በርታ»፣ «እግዜር ይከተልህ»፣ «ካንተ ጋር ነን» ይላሉ። የከተማው ሐበሻ በሙሉ ለካ እንዲህ ይወደኛል ብዬ ደስ አለኝ። ከመቃብሩ ሲመለሱ፣ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር የጻፉልኝ።

እሁድ በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ወረወሩልኝ። ሮጬ ወደ ውስጥ ታጠፍኩ፤ ኳሷ ከጀርባዬ ትንሽ ዘግይታ መጣች። ጣቶቼን ከፈትኩ፤ አብሬያት ወደኋላ ሄድኩ፤ ያዝኳት። ወዲያው አንድ ግዙፍ ሰው መሬት ላይ ዘረረኝ፤ አልለቀቅኳትም። በሙያ ዘመኔ የያዝኳት ኳስ እሷ ብቻ ናት። ልብስ መቀየሪያ ክፍል እንደገባሁ የአባቴን ስልክ ደወልኩ። እህቴ አነሳችው። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«አባዬ አየኝ?»

«አየህ።»

«ምን አለ?»

«‹ያዛት!› አለ» አለችኝ።

በማግስቱ እናቴ አሟታል ተብዬ በረርኩ። የተቀበሉኝ ሽማግሌ ቤታችን ቀለም እየተቀባ ነው ብለው እሳቸው ጋ አሳደሩኝ። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተከፍቶ ወንዶቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ሲገቡ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

«መቼ?» አልኩ።

«ማክሰኞ።»

«ቀብሩስ?»

«ቅዳሜ።» ከኋላቸው የገባችው እናቴ ልታቅፈኝ ስትመጣ እጇን ገፋሁት። እኔ ሜዳ ላይ ስሮጥ እሱ አፈር ለብሶ ነበር። የምኮራባት አንዲት ቀን ነበረችኝ፤ እሷኑ ወስደው ከሞቱ ጋር አንድ ላይ ሰፉብኝ።

ከዚያ በኋላ ሙያዬ ብዙም አልሰነበተም። የጭኔ ጅማት ተበጠሰ፤ ስድን ፍጥነቴ አብሮኝ አልመጣም። አንድ ጠዋት አንድ ልጅ እግር የቢሮ ሠራተኛ «አሰልጣኙ ይፈልግሃል፤ ታብሌትህን ይዘህ ና» አለኝ። የጨዋታው ዕቅድ ያለው ታብሌቱ ውስጥ ስለሆነ፣ አምጣ ከተባልክ ተሰናብተሃል ማለት ነው። ወሬው ሻይ ሳይቀርብ አለቀ። በሚገርም ሁኔታ ደስ አለኝ። እነዚህ ሰዎች ክፉ ዜናን ፊት ለፊት ይነግሩሃል አልኩ።

አሁን እዚያው ሪከንባከር ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ የምሠራበት መጋዘን አባቴ ከወደቀበት ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እናቴ ቤት እሄዳለሁ። በረዶ እጠርጋለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ቢል እከፍላለሁ፤ ግን አልቀመጥም። ለዓመታት እዚያ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። እሷም ቁጭ በል ማለቱን ተወችው።

ባለፈው መከር ለቅሶ ልደርስ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስሄድ የእናቴ የቅርብ ጓደኛ የሆኑ እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ። ጉዳዩን አዙረው ማውራት አይችሉበትም።

«እናትህን እስከ መቼ ነው የምታኮርፋት?»

«ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ።»

«ያን እሁድ እኮ አላየሃትም። ለቅሶው መሃል ቲቪ ይከፈት አለች። ወንዶቹ ነውር ነው ብለው ተቆጡ። ‹ልጄ ብቻውን ነው፣ አባቱም የለ፣ እኔ እንኳን ልየው› ብላ እምቢ አለች። ድምፁን ዘግተን ከፈትንላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የአባትህን ፎቶ ታቅፋ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አንተ ኳሷን ስትይዝ ብድግ ብላ እልል አለች።»

«ምን አለች?»

«እልል! ለቅሶ ቤት። ሰው ሁሉ ክው አለ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ቲቪው አዙራ ‹ያዛት! አየኸው? ያዛት!› ትለዋለች። ከዚያ ወደቀች፤ ውሃ አፈሰስንባት። እህትህ ስልክ ስታነሳልህ እናትህ ገና አልተነሳችም ነበር።»

ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ በሩን ስትከፍት ጥቁር ልብሴን አይታ ደነገጠች።

«ምን ተበላሸ?» አለችኝ። ልጠግን እንጂ ሌላ ነገር ልፈልግ የምመጣ አይመስላትም።

«ምንም።»

ገብቼ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ግን እንደቆመች ታየኛለች። ይቅር ብያታለሁ ማለት አልችልም፤ አፈር ሳላለብሰው መቅረቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን ያን ቀን ያየችኝ እሷ ነበረች፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

«እማዬ፣ ያን እሁድ» አልኳት፣ «እንዴት አድርጌ ነበር የያዝኳት?»

ሁለት እጆቿን ከደረቷ ከፍ አድርጋ ጣቶቿን ከፈተች፤ ለስለስ አድርጋ፣ ትንሽ ወደኋላ እየሄደች።

«እንዲህ» አለችኝ።