በእኔ ሹራብ የተወሰደችው

የራሰ ሱፍ ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዝናብ የመታው ሰው ገብቶ ሹራቡን ወንበር ላይ ሲያሰጣ፣ ያ በግ በግ የሚል ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ እኔ በሐሳብ የልጅነቴ መቱ ውስጥ ነኝ፤ እናታችን ደጅ ቆማ ታናሽ እህቴን አስካለን በስሟ ስትጣራ ይሰማኛል።

አባባ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። በበጋ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ልጆቻቸው የተጠለፉባቸው አባቶች ከቡሬም ከሁሩሙም እየመጡ ሲያስጽፉት፣ አንቀጹን በቃሉ እየጠቀሰ፣ «በጉልበት ነጥቆ» የምትለዋን ቃል እያሰመረባት ይጽፍላቸው ነበር። ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው «በሽማግሌ ታርቀናል» ብለው ክሳቸውን ያነሱ ነበር። አባባ ቤት ገብቶ «እኔ ብሆን ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም» ሲል፣ እኔና አስካለ እንዴት እንኮራ ነበር። ሞኞች።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አንድ የዳሪሙ ባለጸጋ ለልጁ እኔን አስጠይቆ፣ አባባ «ትማር» ብሎ መለሳቸው። ሰኔ ሲገባ ፈተናው ደረሰብኝ። ውሃ የመቅዳቱ ተራ የእኔ ነበር፤ «አንድ ቀን ብቻ» ብዬ አስካለን ለምኜ፣ እያካፋ ስለነበር አረንጓዴ ሹራቤን አልብሼ ወደ ምንጩ ላክኋት። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ምንጩ አጠገብ ያደፈጡት ሰዎች «አረንጓዴ ሹራብ የምትለብሰዋን» ተብለው ተልከው ኖሮ፣ አፏን አፍነው በበቅሎ ይዘዋት ሄዱ። እኛ ያገኘነው የተሰበረ እንስራ ነው። እናቴ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄን» እያለች ጭቃው ላይ ተንከባለለች።

አባባ የዚያኑ ዕለት ማመልከቻውን ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጥተው በራፉ ላይ ዝናብ እየመታቸው ቆሙ፤ አባባም ትንሽ አቆይቶ አስገባቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«አቶ ደምሴ፣» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ልጁ የፈለገው ትልቋን ነበር፣ ሰዎቹ ተሳስተው ነው። እንግዲህ አንዴ አድራለች። ያው የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም?»

ዕቃ በስሕተት የተቀያየረ ነበር የሚመስለው። አንድም ሰው አላፈረም።

«ልጄን መልሱልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች እናቴ።

«ዝም በይ!» አላት አባባ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» አለና የጀመረውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። የእህቴ ወደ ቤቷ የመመለስ ነገር እዚያ ላይ አበቃ።

በጥቅምት፣ ቡናው ሲቀላ፣ ለዕርቁ ይዘዋት መጡ። ለእናቴ ያመጡላትን ጋቢ አጠገቧ አስቀመጡት፣ ዞራም አላየችው። አስካለ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ከነጠላዋ ሥር ሹራቡን አወጣች።

«እታለም፣ አጥቤዋለሁ» አለችኝ፤ ያጠፋች ይመስል አንገቷን ደፍታ። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ አንድ ቃል ሳልናገር ተቀበልኳት። አባባ ደግሞ በማግስቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ልጅ «በጉልበት ነጥቆ» ብሎ ጻፈ። እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ፈተናውን አለፍኩ፣ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። አስካለ እዚያው ዳሪሙ ወልዳ ከብዳ አያት ሆነች፤ የልጅ ልጇ መቱ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። ሰዎች «አሁንማ ሕግ አለ» ሲሉኝ አንጀቴ ያርራል። ሕግማ ያኔም ነበር፣ አባቴ በቃሉ ያውቀው ነበር። አሁን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዝናብ ከያዘ ዣንጥላ ይዤ መንገድ ላይ እጠብቃታለሁ። አስካለን ግን የጠበቃት አልነበረም፤ እኔ ያን ቀን ዝናብ ሳይነካኝ ቤት ተቀምጬ አጠና ነበር።