ቁሚ እስቲ

የቤቱ ልጆች «እማማ፣ እርስዎ ቅርጫት ኳስ ለምን አልተጫወቱም? ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። የልጅ ልጄ ሐያት ለአዲስ አበባ ክለብ ልትጫወት ደመወዝ ተቆርጦላታል። የያዘችው የቅርጫት ኳስ አዲስ ነው፤ የጎማው ሽታ ነው ወደ ኋላ የወሰደኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ አዳማ ነው። ልጅ ሳለሁ ቁመቴ ያሳፍረኝ ነበር። ቦኖ ውኃ ስቀዳ «የመብራት እንጨት መጣች!» ይሉኛል፤ እኔም ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ እሄዳለሁ። አንድ ቀን የፋብሪካው ቡድን አሠልጣኝ ቤታችን መጥቶ «ይህችን ልጅ ስጡኝ» አለ።

«ሽማግሌዎቹ የታሉ?» አለችው ጎባጣዋ አያቴ።

«ለኳስ ነው፣ እማማ!» ብሎ ሳቀ። የያዘውን የቅርጫት ኳስ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «ቁሚ እስቲ ልይሽ። ፋብሪካው ይቀጥርሻል፤ ሥራሽ መጫወት ነው» አለኝ።

እግሬ መነሳት ፈልጎ ነበር።

«ጉልበቷን ያማታል» አለችው አያቴ። ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብላ፣ «ተቀመጪ ልጄ። ረጅም ሴት ከሩቅ ትታያለች፤ የታየ ይወራበታል» አለችኝ።

አፈርኩ። ኳሱን እንዳቀፍኩ አቀርቅሬ ቀረሁ። ሰውየው ኳሱን ተቀብሎኝ ሄደና የጎረቤታችንን ልጅ ወሰደ። እሷ ከፋብሪካው ወደ አዲስ አበባ ክለብ፣ ከዚያም ብሔራዊ ቡድን ገባች። ስሟ በሬዲዮ በተጠራ ቁጥር ሬዲዮኑን እዘጋ ነበር።

አሁን ሐያት «ቁመቴን ከማን ወረስኩት?» ትለኛለች።

አያቴ የሞተች ጊዜ እኔ የልጆች እናት ነበርኩ። አስከሬን አጣቢዎቹ አቃንተው ሲያስተኟት፣ በምናውቃት ቁመት ያስቆረጥነው ከፈን እግሯ ላይ አጠረ። ጎባጣ አልነበረችም። እኔን ታህል ነበር።