መጣሁ የማይል ውሃ

እማማ ዘሪቱ እስከ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ድረስ ገላቸውን ብቻቸውን ታጥበው አያውቁም ነበር። ለከተማ ሰው ይገርመው ይሆናል። በእሳቸው አገር ግን፣ ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ባለው መንደር፣ ምንም የሚገርም ነገር የለውም። አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ያፈሳል። ልጅ ሳሉ እናታቸው ወንዝ ዳር አፈሰሱላቸው። ካገቡ በኋላ ደግሞ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ባላቸው አያ አስማማው አፈሰሱላቸው።

ከጎተራው ጀርባ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። ዘሪቱ እሷ ላይ ቁጢጥ ይላሉ፤ አያ አስማማው ለብ ያለውን ውሃ በቅል እየቀዱ ያፈሱላቸዋል፣ ጀርባቸውን ያሹላቸዋል። ወደ ራስ ሲደርሱ ግን ቅሉን ከፍ ያደርጉና ሁልጊዜ "መጣሁ" ይላሉ። ያኔ ዘሪቱ ዓይናቸውንም አፋቸውንም ግጥም ያደርጋሉ። ውሃው ይወርዳል፣ አበቃ። ከዚያ ተራው የአያ አስማማው ይሆናል፤ ዘሪቱም ቅሉን ይዘው "መጣሁ" ይላሉ።

ሁለቱ በቁርባን የተጋቡ ነበሩ። በየዓመቱ ለፍልሰታ ጾም አብረው ይቆርባሉ፤ ዋዜማውን እዚያች ድንጋይ ላይ ይተጣጠባሉ። አንድ ዓመት እንኳ አላጓደሉም። አምና ግን ነሐሴ ከመግባቱ በፊት አያ አስማማው ታመው ተኙ። ነሐሴ ሰባት ዐረፉ። ሊያርፉ ሲሉ የዘሪቱን እጅ ያዙና፣

"በሙት ዓመቴ ቁረቢ። ሌላ ድግስ አልፈልግም" አሏቸው።

"እሺ" አሉ ዘሪቱ።

ኋላ ሌሊትና ቀን ያንገበገበቻቸው ይቺ "እሺ" ነች።

ምክንያቱም በጥር ወር ዘሪቱ አውድማ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ደብረ ማርቆስ ወስደው ብረት አስገቡላቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቁጢጥ ማለት የለም፣ መጎንበስም የለም አለ። ልጃቸው ዓለምነው አናጢ ነው፤ እናቱን እዚያው ከተማ ቤቱ አስገባ። መታጠቢያ ቤቱንም በገዛ እጁ ሠራላቸው። ግድግዳውን ሴራሚክ አለበሰ፣ መያዣ ብረት ተከለ፣ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አስገባ። ከላይ፣ ከራስ በላይ፣ ሻወሩን ሰቀለ። እሱ መሬት አይነካም፣ ጎንበስ አያስብልም። ሲጨርስ እንደ ሙሽራ ቤት አስጎበኛቸው።

"ይኸውልሽ እማዬ! ይቺን ታዞሪያለሽ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ትያለሽ። ማንም አያይሽ፣ ማንንም አትጠሪ።"

"እግዜር ይስጥህ ልጄ" አሉ።

መጀመሪያ ቀን ገብተው አዞሩት። ውሃው አንዴ ሲለቀቅ መላ ራሳቸው ላይ ወረደ። ዘሪቱ ትንፋሽ አጡ። ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ አፋቸው ውስጥ ገባ፤ ሊያዩ ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨምድደው እስኪለምዳቸው ጠበቁ፤ አልለመዳቸውም። እድሜ ልካቸውን ዝናብ ሲመታቸው የኖሩ ሴት ናቸው እኮ። ዝናብ ግን አስቀድሞ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከማዶ ሲመጣ ይታያል። ይሄ ዝም ብሎ ከግድግዳ ወጥቶ አናት ላይ የሚወርድ፣ መጣሁ የማይል ውሃ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዘዴ አበጁ፤ አሳፋሪ ዘዴ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይገባሉ፣ በሩን ይቀረቅራሉ፣ ውሃውን ይከፍቱና ጥግ ይዘው በደረቁ ይቆማሉ። እጃቸውን ብቻ ዘርግተው ጨርቅ ያርሱና ፊታቸውን፣ ብብታቸውን፣ የደረሱበትን ያህል ይወለውላሉ። ውጭ ያለ ሰው የሚሰማው ውሃው ሲፈስ ነው። ትንሽ ቆይተው ይዘጉታል፣ ጸጉራቸውን በእጃቸው ትንሽ ያረጥቡና ይወጣሉ።

"ለመድሽው አይደል እማዬ?" ይላል ዓለምነው ደስ ብሎት።

"እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ! እጅህ ይባረክ።"

ልጃቸውን ሲዋሹ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

በባልዲ ለምን አይታጠቡም ይባል ይሆናል። ሞክረዋል። ባልዲው መሬት ሲሆን መጎንበስ ሊኖር ነው፤ አንድ ቀን ጣሳውን ሊያጠልቁ ሲሉ እግራቸው ተንሸራቶ ብረቱ ባይኖር ኖሮ ዳግም ሊሰበሩ ነበር። የሚያፈስ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ደግሞ ማነው? ወንድ ልጅ እናቱን አያጥብም። የቀረችው የዓለምነው ሚስት የኔአለም ነች። ጥሩ ሴት ነች፣ ፊቷ አይጠቁርም። ግን ምራት የአማቷን ራቁት ገላ ልታይ? ያንን የዳሌ ስፌት፣ ያንን የተንጠለጠለ ቆዳ? ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። ሲያስነጥሳቸው ያመልጣል፣ ከወንበር ሲነሱ ያመልጣል። ጨርቁን ራሳቸው አጥበው ከጓሮ ቆርቆሮ ኋላ ያሰጡታል። ማንም አያውቅም ብለው ነው።

ሰኔ ላይ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው የቆመች ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገችና ቀስ ብላ ወደ ወዲያ ፈቀቅ አለች። ዘሪቱ አዩዋት። ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት።

ነሐሴ ሲገባ ጭንቁ ከፋ። ሰባት ቀን ቀርቶታል፣ ስድስት ቀን ቀርቶታል። መቁረብ አለባቸው፤ ቃል ነው። ለመቁረብ ንጹሕ ገላ ይፈልጋል፤ በጨርቅ የተወለወለ ገላ ይዘው ሥጋ ወደሙ ፊት አይቀርቡም። ዋዜማውን እንዳይታጠቡ ሌሊት ሽንት ያመልጣቸዋል። ጠዋት መታጠብ ሊኖርባቸው ነው። ጠዋት ደግሞ የሚቆርብ ሰው ከአፉ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ ይጠነቀቃል፤ ከገባ በዚያ ቀን መቁረብ የለም። ያ ሻወር ደግሞ አፍ ነው የሚፈልገው። ቢታጠቡ ጾሙ ይፈርሳል። ባይታጠቡ ገላው አይቀርብም። ነገሩን ቢያገላብጡት ቢያገላብጡት መውጫ አጡ። ማታ ማታ ወደ ግድግዳው ዞረው "አንተ ነህ ይሄን ያመጣህብኝ" ይሉ ነበር፤ ለአስማማው።

ነሐሴ ሰባት ደረሰ። ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ነው የሚገባው። ከማለዳ ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራትም የለም። ዓለምነው ሥራ ሄዷል። የኔአለም አማቷን ቤተ ክርስቲያን ልታደርስ ከመሥሪያ ቤቷ አስፈቅዳ ቀርታለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘሪቱ ነጭ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ መታጠቢያ ቤቱ አዘገሙ።

"እማዬ፣ መብራት የለም እኮ፤ ውሃው በረዶ ነው የሚሆነው" አለች የኔአለም። "ከሰል ላይ ላሙቅና በጣሳ ላፍስስልዎት?"

"አይ፣ አይ። ለምጄዋለሁ።"

"እንግዲያስ ፀበል ነው ብለው ይግቡበታ!"

"ፀበል ላይ ቄስ አለ። ይሄ ምን አለው?"

"ሳሙና አለዋ!"

የኔአለም ሳቀች። ዘሪቱም ሊስቁ ፈልገው ነበር፣ አልመጣላቸውም። በሩን ቀረቀሩ።

ልብሳቸውን አወለቁና ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። ሌሊቱን ሲያስቡት ያደሩት ነገር አለ። የራስ ሻሻቸውን ጠቀለሉና አፋቸው ውስጥ ወተፉት፣ በጥርሳቸውም ነከሱት። አፍ ከተወተፈ ውሃ በየት ይገባል? አማተቡ። ልክ የውሃውን መክፈቻ ሊያዞሩ ሲሉ እንደ ድሮው "መጣሁ" ሊሉ አሰቡ፤ ለራሳቸው እንኳ ቢሉት ልባቸው ይዘጋጅ ነበር። ግን አፋቸው ታፍኗል። ዝም ብለው አዞሩት።

የነሐሴ ውሃ ነው። አናታቸው ላይ ሲያርፍ አጥንታቸው ድረስ ገባ። ቢሆንም ቻሉት። ሳሙናውን መቱ፣ አንገታቸውን አሹ፣ ደረታቸውን፣ ጭናቸውን አሹ። ስንት ወር ውሃ በቅጡ ያልነካው ገላቸው ሲርስ እንባቸው መጣ። "ልጨርስ ነው አስማማው" አሉ በልባቸው። "ልጨርስ ነው።"

ያላሰቡት ግን ሻሹን ነው። ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። ከአፋቸው ውጭ የቀረው ጫፉ ርሶ፣ ርጥበቱ እየተሳበ እየተሳበ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ድንገት ምላሳቸው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማቸው። ሳሙና ሳሙና ይላል። ደነገጡ። ሻሹን ስበው ሲያወጡት ጥርሳቸው ጨመቀው። ያ ሁሉ ውሃ አፋቸው ውስጥ ቀረ፣ ከላይ ያለውም ተጨመረበት። ተፉት። ደግመው ተፉት። ግን ከመትፋታቸው በፊት ጉሮሯቸው አንዴ ተንቀሳቅሷል። ምራቅ ነው የዋጡት? ውሃ ነው? ቁጭ ብለው ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ጉሮሮ አይናገር ነገር።

"ገባ!" ብለው ጮኹ። "አፌ ገባ! ወይኔ አስማማው፣ አፌ ገባ!"

የኔአለም በሩን መደብደብ ጀመረች። "እማዬ! ወደቁ እንዴ? ይክፈቱልኝ!"

ሊነሱ ሞከሩ፤ አልቻሉም። በምርኩዛቸው ጫፍ እየታገሉ መቀርቀሪያውን ገፉት። የኔአለም ከነልብሷ ገባች፣ ሻወሩን ዘጋች፣ እሷም በሰበሰች። ዘሪቱ በእጃቸው ደረታቸውን ይሸፍኑ፣ ጭናቸውን ይሸፍኑ፤ ሁለት እጅ ለስንቱ ይበቃል? ስድስት ወር የሸሸጉት ሁሉ እዚያች ወንበር ላይ ተዘርግቶ ታየ። ወይ ቁርባኑን ወይ ገመናዬን አጣለሁ ብለው ነበር የፈሩት፤ አሁን ሁለቱም ሄዱ።

የኔአለም በጋቢ ጠቀለለቻቸው። ነገሩን እየተንቀጠቀጡ ነገሯት፤ ሻሹን፣ ሽንቱን፣ ለአስማማው ያሉትን እሺ።

"ስለ ሽንቱ ሳላውቅ መስሎዎት ነው?" አለች ቀስ ብላ። "ዝናብ ሲመጣ ጨርቁን ከጓሮ ማን የሚያስገባው ይመስልዎታል?"

ዘሪቱ ቀና ብለው አላዩአትም።

"ደግሞ ተፍተውታል እኮ" አለች። "ማን አየ? ሂደው ይቁረቡ። እኔ ትንፍሽ አልልም።"

"አንቺ አላየሽም። እሱስ?"

"ማን? አባባ?"

"ኧረ ተይኝ ልጄ፤ ላይ ያለውን ነው።"

በባጃጅ ሄዱ። ነጭ ለብሰው፣ ንጹሕ ሆነው፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ። ቅዳሴ ሳይገባ የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረ ሚካኤልን ከደጀ ሰላሙ ጥግ ለብቻቸው አገኟቸው። የኔአለም ጃንጥላ ይዛ ራቅ ብላ ቆመች።

"ዋጡት?" አሉ አባ።

"አላውቅም አባ።"

"ያስቡት እስቲ።"

"ከሦስት ሰዓት ጀምሬ እሱን ነው የማስበው።"

አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጢማቸው ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል። "እንግዲያስ ይቆዩ" አሉ። "በጥርጥር አይቀረብም። ለእመቤታችን ዕለት፣ ለአስራ ስድስት፣ ታድርስዎ።"

"የአስማማው ሙት ዓመት ግን ዛሬ ነው።"

"እሳቸው ያሉበት ቦታ ቀን አይቆጠርም።"

"እኔ ያለሁበት ይቆጠራል አባ።"

አባ መስቀላቸውን አሳለሟቸው። ዘሪቱ ከአጥሩ ውስጥ ገቡ፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ማንም ከአጠገባቸው ፈቀቅ አላለም። የቁርባኑ ሰዓት ደርሶ የሚቆርቡት ሲሰለፉ እግራቸው ሳያስቡት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ መለሱት። ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ አንገታቸውን የደፉ አሮጊቶች አንድ በአንድ አለፉ። ዘሪቱ ሁሉንም እስከ መጨረሻዋ ሴት ቆጠሩ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

ቤት ሲገቡ እህል አልቀመሱም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። አስራ ስድስት ዘጠኝ ቀን ነው። እስከዚያ ይኖሩ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ቢኖሩም ያ ሻወር እዚያው እንደተሰቀለ ነው። የኔአለም እርጥቡን ሻሽ ጨምቃ ልታሰጣ ስታልፍ ጠሯት።

"ቤትሽ ቅል አለ?"

"ቅል እንኳ የለም። ጣሳ ነው ያለው።"

"ጣሳም ይሆናል።" ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ከባድ ነበር፤ ከዳሌያቸው ብረት ይከብዳል። "ለአስራ ስድስት... አንቺ ታፈሽልኛለሽ?"

"አፈሳለሁ እንጂ እማዬ! ከፈለጉ ዓይኔን ጨፍኜ አፈሳለሁ።"

"ጨፍነሽማ አፌ ላይ ልታፈሽው ነዋ!"

የኔአለም ሳቋን መያዝ አቃታት። ዘሪቱ አልሳቁም።

"ስሚኝ" አሉ። "በዕለቱ ከአንገት በላይ አታፍስሺ፤ ራሴን የምታጠበው ዋዜማውን ነው። ዋዜማውን ራሴ ላይ ስታፈሽ ግን ዝም ብለሽ እንዳትለቅቂው። መጀመሪያ 'መጣሁ' ትያለሽ።"

"መጣሁ?"

"እ። ጮክ ብለሽ ነው።"

"እሺ" አለች የኔአለም።

ዘሪቱ "እሺ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ጋቢያቸውንም እስከ ራሳቸው ሳቡት።