የአቧራ ወተት

ዛሬ ጠዋት ደሴ፣ ቤቴ ውስጥ፣ የጣድኩት ወተት ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲያር ሽታው ገና አፍንጫዬን እንደነካው አባቴ ትዝ አለኝና ድስቱን ማውረዱን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ ሙሄ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በነበረ፣ አሁን በተዘጋ አነስተኛ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። የጥጡ ብናኝ እንደ ዱቄት ስለሚቦን ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡም ጺሙም ነጭ ሆኖ ነው የሚመጣው። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ በር ላይ ቆሞ «ሽማግሌው መጡ! ሽማግሌው መጡ!» እያለ ሲጮህ፣ እሱም ጎበጥ ብሎ እያነከሰ ይገባልናል፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። የእውነት ሽበት ሳያበቅል እንደሚሞት በምን እናውቃለን?

ፋብሪካው ብናኝ ላለበት ለፈትል ክፍል ሠራተኞች በየቀኑ ወተት ይሰጥ ነበር። ወተት ከደረት አቧራ ያጥባል ተብሎ ስለሚታመን ሁሉም «የአቧራ ወተት» ይለዋል፤ ወተቱ እያለ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ለመጠየቅ ያሰበ አልነበረም። ሌላው እዚያው ቆሞ ጭልጥ ሲያደርገው አባቴ በፕላስቲክ ኮዳ ይዞ ለእኛ ያመጣዋል። እናቴ ዘምዘም በዚህ ነገር ከሱ ጋር ተስማምታ አታውቅም። «አንተ ሙሄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ያንተን ደረት ማን ይጠብልህ?» ስትለው «አብሽሪ፣ የነሱ ጉንጭ ሲሞላ የኔም ደረት ይጠራል» ብሎ ይስቃል፤ ሳቁም በሳል ያልቃል። እሷ ወደ እኛ ዞራ «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ትላለች። ከሞተ በኋላ ይህን ተረት ስትተርት ሰምቻት አላውቅም።

እኔና ሰይድ ግን እንጠጣለን። ወተቱ መንገድ ላይ ለብ ብሎ፣ የኮዳውን ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ሲፈላ ላዩ ላይ ለሚሰፍፈው ስልባቦት እንጣላለን። አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እንኖር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስተኞች ነበርን።

ሳሉ ሲብስበት አለቃው አዘነለትና ወደ በር ጥበቃ ሊያዛውረው አሰበ። ደመወዙ ያው ነው፤ አቧራ የለም፤ ፀሐይ እየሞቁ መዋል ነው። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ለጎረቤት ልትነግር ስትወጣ እኔ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከንፈሬን እየላስኩ «አባ፣ ዘበኛም ወተት ይሰጠዋል?» አልኩት። ራሴን ዳበሰኝ። በማግስቱ ተመልሶ ፈትል ክፍል ገባ፤ ለእናቴም ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ አላት።

ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ። እውነቱን የሰማነው ለቅሶ ላይ፣ ከሥራ ባልደረባው ነው፦ «ወላሂ ለምነነው ነበር እኮ። ‹ዘበኛ ወተት የለውም፣ ልጆቼ ለምደዋል› አለን።»

ለብዙ ዓመታት መድኃኒቱን ጠጥተን ጨረስንበት እያልኩ ስቃጠል ኖሬ፣ ደሴ ከገባሁ በኋላ አንድ የደረት ሐኪም ጠየቅሁ። «ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም፣ እህቴ። ብናኙን ቢሸሽ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለኝ። ያጽናናኝ መስሎት ነው። እኔ ግን ከአባቴ የወሰድኩት ወተቱን ሳይሆን የበሩን ሥራ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ፤ ያን ጥያቄ መጠየቄንም ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

አሁን አባቴ የሞተበትን ዕድሜ አልፌያለሁ። የደሴን ዳገት ሳላርፍ ስወጣ የሚያዩ ጎረቤቶች «ማሻአላህ፣ ምን በልታ ነው ያደገችው?» ይላሉ። አሁን ከእኔ ጋር የምትኖረው፣ እርጅና የተጫናት እናቴ ከደጃፍ ቀና ብላ «አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወተት አጠጥቶ ነው ያሳደጋት» ብላ በኩራት ትመልሳለች፤ እኔም «አሚን» ብዬ ፈጥኜ ወደ ቤት እገባለሁ።